የቀለም ንፅፅርና ዓይናችን፦ ስለ ጂኦሜትሪ ኩዊልት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኩዊልት ሦስት ንብርብር አለው። ከላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ገጽ፣ መሃል ሙሌት፣ ከታች ገበር። ሦስቱ በስፌት ይያያዛሉ። የጂኦሜትሪ ኩዊልት የምንለው ገጹ በካሬ፣ በሦስት ማዕዘን፣ በሮምበስ፣ ማለትም አራቱ ጎኖቹ እኩል ሆነው ዘመም ባለ ቅርፅ፣ እና ቀጥ ባለ ጥብጣብ ብቻ የተሠራውን ነው። አበባም ወፍም የለበትም። ስለዚህ ተመልካች የሚያየው ነገር ሁሉ የሚመጣው አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር ካለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ካነሰ ያ ሁሉ የተለፋበት ንድፍ ድራሹ ይጠፋል። ከዚህ በታች ያሉት ጀማሪውም የቆየውም ደጋግሞ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ጨርቆቹ ለየብቻ ሲታዩ ያምሩ ነበር። ሲገጣጠሙ ግን ንድፉ ጠፋ። ምን ነካው?

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የጥቁረትና የንጣት ነው።

ማንኛውም ቀለም ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛው ዓይነቱ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የምንለው። ሁለተኛው ድምቀቱ ነው፤ ጥርት ያለ ነው ወይስ አመድ አመድ የሚል? ሦስተኛው ጥቁረትና ንጣቱ ነው፤ ፈካ ያለ ነው ወይስ ጠቆር ያለ? አሜሪካዊው የሥዕል መምህር አልበርት መንሰል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቀለሞችን በእነዚህ ሦስት ጠባዮች ደርድሯቸዋል። የጥቁረትና የንጣቱ መሰላል ከ0 ይነሳል፤ እሱም ድፍን ጥቁር ነው። 10 ላይ ያበቃል፤ እሱም ንጹህ ነጭ ነው።

ዓይን የቅርፅን ጠርዝ የሚለየው በዋናነት በዚህ በሦስተኛው ጠባይ ነው። በቀለም ዓይነት ብቻ የተለያየ ጠርዝ ለዓይን ብዥ ይላል። ቴሌቪዥን ይህን ያውቅበታል። የጥቁረትና የንጣቱን መረጃ ሙሉውን ይይዝና የቀለሙን መረጃ ይቀንሰዋል። የፎቶ ፋይሎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ተመልካች አይነቃም።

እንግዲህ ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ መረጣችሁ እንበል። ሦስቱም በመንሰል መሰላል 4 አካባቢ ከሆኑ በስም ሦስት ቀለም አላችሁ። ራቅ ብሎ ለሚያይ ዓይን ግን አንድ ድፍን ነገር ነው። ኩዊልት ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ አባባል አለ፤ ሥራውን የሚሠራው ጥቁረትና ንጣት፣ ምስጋናውን የሚወስደው ቀለም።

ጥቁረትና ንጣቱን እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ዓይኔ ቀለሙን ብቻ ነው የሚያየው።

ቀላሉ ነገር ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው። ሽፋሽፍቱ መሃል አጮልቃችሁ ስታዩ ዝርዝሩ ይጠፋና ጠቆር ያለውና ፈካ ያለው ክፍል ብቻ ይቀራል። ወደ ኋላ ብዙ እርምጃ መራቅም ይረዳል።

ስልክ ካላችሁ ደግሞ ጨርቆቹን ፎቶ አንሱና ቀለሙን ወደ ዜሮ አውርዱት። ግን ሁሉንም ጨርቅ በአንድ ፎቶ ውስጥ አንሱ። አንድ በአንድ ካነሳችኋቸው ካሜራው ለእያንዳንዱ ብርሃኑን ራሱ ያስተካክላል። ያኔ ጥቁሩም ነጩም ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ቀይ ላስቲክ ወይም ቀይ ማጣሪያ በዓይን ላይ አድርጎ የማየት ዘዴም አለ። ይሠራል፤ ግን ቀይና ብርቱካናማ ጨርቅ ላይ ያታልላል። በቀይ ማጣሪያ ቀይ ነገር ከሆነው በላይ ፈክቶ ይታያል። ለቀዮቹ አረንጓዴ ማጣሪያ ያስፈልጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስልኩ ይበቃል።

የቀለሞቹን ተፈጥሯዊ ዝንባሌም ማወቅ ደግ ነው። ድምቀታቸው ሙሉ ሲሆን ቢጫ ከሁሉም ፈካ ይላል፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ከሁሉም ይጠቁራሉ። ኮምፒውተር ቀለምን ወደ ግራጫ ሲቀይር በብዛት የሚጠቀምበት ሒሳብ ለአረንጓዴ ብርሃን 72 በመቶ አካባቢ፣ ለቀይ 21፣ ለሰማያዊ 7 ብቻ ክብደት ይሰጣል። ይህ የሰው ዓይን ለእያንዳንዱ ያለውን ስሜት ተከትሎ የወጣ ነው።

ከዚያ ጨርቁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ ፈካ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ የሚደነግጠው የመካከለኛው ክምር ከሁለቱ በልጦ ሲያገኘው ነው። ጨርቅ ስንመርጥ እጃችን የሚሄደው ወደ መካከለኛው ነው፤ ለየብቻው ሲታይ የሚያምረው እሱ ስለሆነ። ቀጥሎ ጨርቅ ስትገዙ ፈዛዛና አሰልቺ የሚመስለውን ፈካ ያለ ጨርቅ አትለፉት።

አንዱ ግራጫ ጨርቅ እዚህ ሰማያዊ፣ እዚያ ቢጫ መሰለኝ። ጨርቁ ነው ወይስ ዓይኔ?

ዓይናችሁ ነው፤ ደግሞም በትክክል እየሠራ ነው።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኡዤን ሼቭሮል እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ውስጥ የጎብላን ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ቅሬታ ይቀርብለት ነበር። ጥቁሩ ክር ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ አጠገብ ሲገባ ደከም ይላል የሚል። ሼቭሮል ማቅለሚያውን መረመረ። ምንም አልጎደለውም። ችግሩ ጎረቤቱ ነበር። ሰማያዊ ቀለም አጠገቡ ያለውን ነገር ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ብርቱካናማ ይገፋዋል፤ ጥቁሩም የሻገተ መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1839 ይህን ሕግ አብራርቶ አሳተመ። ዛሬ የአንድ ጊዜ ንፅፅር የሚባለው ይህ ነው።

ግራጫ ጨርቃችሁም እንዲሁ ነው። ብርቱካናማ መሃል ሲቀመጥ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል። ሰማያዊ መሃል ሲገባ ይሞቃል፣ ቢጫ ቢጫ ይላል። ጥቁረቱም ይለዋወጣል፤ ነጭ መሃል ይጠቁራል፣ ጥቁር መሃል ይፈካል። ከዚህ የምትወስዱት ነገር ጨርቅን ለብቻው አለመፍረድ ነው። ከእውነተኛ ጎረቤቱ ጋር፣ በእውነተኛው መጠን አስቀምጣችሁ እዩት። ሳትቆርጡ ማየት ከፈለጋችሁ ወረቀት ላይ የቅርፁን ቀዳዳ አውጡና ጨርቁ ላይ ጣል አድርጉት።

ይህ ሕግ ሲያዩት ችግር ይመስላል እንጂ ጥቅም ነው። አንድ ጨርቅ ገዝታችሁ ሁለት ጨርቅ ማስመሰል ትችላላችሁ።

ታዲያ ቀጭን ጥብጣብ ላይ ለምን ተቃራኒው ሆነ? ቀለሞቹ ተራራቁ ስል ተቀላቀሉ።

ጥሩ ትዝብት ነው። ቁራጩ ሰፋ ሲል ዓይን ልዩነቱን ያጋንናል። ቀጭን ሲሆን ግን ያቀላቅላል፤ የጥብጣቡ ቀለም ወደ ጎረቤቶቹ ይፈሳል። ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ቪልሄልም ፎን ቤዞልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ያስተዋለው የምንጣፍ ንድፍ ሲሠራ ነው። አንድ ቀለም ብቻ በመቀየር የምንጣፉ ሁሉ መልክ እንደሚቀየር አየ።

በኩዊልት ላይ ይህ በብዛት የሚታየው በብሎኮች፣ ማለትም ገጹ በሚገጣጠምባቸው ተደጋጋሚ ክፍሎች፣ መካከል በሚገባው መለያያ ጥብጣብ ነው። ብሎኮቹን ሳትነኩ ቀጭኑን መለያያ ከነጭ ወደ ጥቁር ብትቀይሩት ሌላ ኩዊልት ይሆናል። በነጩ ቀለሞቹ ይሳሳሉ። በጥቁሩ ይጠልቃሉ። ስለዚህ መለያያውን መጨረሻ ላይ በተረፈው ጨርቅ አትወስኑ። ቀለም እንደ መምረጥ ሳይሆን ሁሉንም ቀለም አንድ ላይ እንደ መቀየር ቁጠሩት።

ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሳደርግ ድንበሩ ይንቀጠቀጥብኛል።

ሁለቱ ቀለሞች ተቃራኒ ናቸው፣ ድምቀታቸው ሙሉ ነው፣ ጥቁረታቸው ግን እኩል ነው። የዓይን አንዱ ክፍል ትልቅ ልዩነት አለ ይላል። ጠርዝ የሚፈልገው ሌላው ክፍል ደግሞ ምንም አላየሁም ይላል። ድንበሩ የት እንዳለ ስለማይስማሙ ይንቀጠቀጣል።

አንዱን ፈካ ወይም ጠቆር አድርጉት፣ ይቆማል። ካልሆነ የአንዱን ድምቀት ቀንሱ። ወይም በመሃላቸው ቀጭን ግራጫ አስገቡ። አንዳንድ ሰው ግን ይህን መንቀጥቀጥ ሆን ብሎ ይፈልገዋል። መብቱ ነው። ለግድግዳ ከሆነ ደስ ይላል፤ ጠዋት ማታ ለሚያዩት የአልጋ ልብስ ግን አልመክረውም።

ቀይና ሰማያዊ ጥቁር መደብ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ቀዩ ወደ ፊት የወጣ፣ ሰማያዊው ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። የዓይን ሌንስ ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን እኩል ስለማያጥፍ ነው። ጥቂት ሰዎች በተገላቢጦሽ ያዩታል። ስለዚህ ባልደረባችሁ ሰማያዊው ነው የወጣው ብትል አትከራከሯት።

ጠፍጣፋ ጨርቅ ላይ ኪዩብ የሚታየው በምን ተአምር ነው?

ተአምሩ ሦስት ጨርቅ ነው። ሁለቱ ሹል ማዕዘኖቹ 60 ዲግሪ የሆኑ ሦስት ሮምበሶች ሲገጣጠሙ ስድስት ጎን ይሆናሉ። አንዱን ፈካ፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ጠቆር ካደረጋችሁት አንጎል ሳጥን ያያል። ንድፉ በኩዊልት ሠሪዎች ዘንድ ተምብሊንግ ብሎክስ (የሚንከባለሉ ሳጥኖች) ይባላል።

ለምን ሳጥን? አንጎል ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት ነው። ፀሐይ ከላይ፣ መብራት ከላይ። ስለዚህ ፈካ ያለውን ሮምበስ የሳጥኑ ክዳን ያደርገዋል። ጠቆር ያለውን ጥላ ያረፈበት ጎን ያደርገዋል። ይህን ቅደም ተከተል በኩዊልቱ ሁሉ ላይ ሳታዛንፉ ከጠበቃችሁ የቀለሙን ዓይነት እንደፈለጋችሁ መቀያየር ትችላላችሁ። አንዱ ሳጥን ሰማያዊ፣ ቀጣዩ ቡናማ፣ ሌላው ሮዝ ቢሆን ችግር የለም። ግን በአንዱ ላይ ፈካ ያለው ወደ ጎን ከዞረ ያ ሳጥን ይፈርሳል። ዓይንም ወዲያው እዚያ ይሄዳል።

ትኩር ብላችሁ ስታዩት ሳጥኖቹ ድንገት ይገለበጣሉ። ክዳን የነበረው ወለል ይሆናል። የስዊዘርላንዱ የክሪስታል ተመራማሪ ሉዊ አልበርት ኔከር እ.ኤ.አ. በ1832 ስለ እንዲህ ያለ መገለባበጥ ጽፏል። የክሪስታል ሥዕል እያየ ሳለ ነበር የተገለበጠበት። ሥዕሉ ሁለት ትክክለኛ ትርጉም አለው። አንጎል ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ስለማይችል ይቀያይራቸዋል። መገለባበጡን መቀነስ ከፈለጋችሁ በፈካው ክዳንና በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለውን ልዩነት አስፉት። መጨመር ከፈለጋችሁ ሦስቱን አቀራርቧቸው።

እነዚያው ሮምበሶች ስድስት ሆነው በሹል ጫፋቸው ሲገናኙ ኮከብ ይሆናሉ። ኮከብ ይታይ ወይስ ሳጥን የሚወስነው የጨርቁ አደራደር ብቻ ነው። ቅርፁ አንድ ነው።

ሎግ ካቢን የሚባለው የብሎክ ዓይነትስ? አንድ ብሎክ ብቻ ይዞ እንዴት ያን ሁሉ ንድፍ ይሰጣል?

በሎግ ካቢን መሃል ላይ ትንሽ ካሬ አለች፤ በልማድ ቀይ ትሆናለች። ዙሪያዋን ጥብጣብ ይዞራታል። ሁለቱ ተጎራባች ጎኖች በፈካ፣ ሁለቱ በጠቆረ ጨርቅ ይሠራሉ። ስለዚህ ብሎኩ በሰያፍ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ብሎኮቹን እያዞራችሁ ብትደረድሩ ዚግዛግ፣ ሰያፍ መስመር ወይም ከመሃል የሚሰፉ የዳይመንድ ቀለበቶች ታገኛላችሁ። አንድም ስፌት ሳይቀየር። ከመስፋታችሁ በፊት መሬት ላይ ዘርግታችሁ አዟዙሯቸው፣ ከወንበር ላይ ቆማችሁም ፎቶ አንሱ።

ጥቁር መደብ ቀለምን ያበራል ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቫንያ፣ ላንካስተር አካባቢ የሚኖሩ የአሚሽ (ቀላል የጥንት ኑሮን የሚከተል የክርስቲያን ማኅበረሰብ) ሴቶች የሠሯቸውን የቆዩ ኩዊልቶች ተመልከቱ። ጥለት የሌለው ወጥ የሱፍ ጨርቅ፣ ጥቂት ትላልቅ ቅርፆች፣ ብዙ ጊዜም መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዳይመንድ። ወይን ጠጁ፣ ቀዩና አረንጓዴው ጠቆር ካለ ጎረቤት አጠገብ ሲሆኑ ከውስጥ የሚበሩ ይመስላሉ። የሼቭሮል ሕግ ነው፤ እንደ ቀጭኑ መለያያ ሳይሆን ሰፋ ያለ ጨለማ ጎረቤቱን ያፈካል። ነጭ መደብ ግን ተመሳሳዩን ቀለም ያጠቁረዋል።

መጠንም ላይ ለውጥ አለ። ጥቁር መደብ ላይ ያለ ነጭ ካሬ፣ ነጭ መደብ ላይ ካለው እኩል ጥቁር ካሬ ይልቅ ትልቅ መስሎ ይታያል። ሁለቱን እኩል ማስመሰል ከፈለጋችሁ ነጩን ትንሽ አሳንሱት።

ነጭ መለያያ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ግራጫ ነጥብ ይታየኛል። ቆሽሾ ነው?

አልቆሸሸም። እ.ኤ.አ. በ1870 ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ባለሙያ ሉዲማር ሄርማን የገለጸው ነገር ነው። ጥቁር ካሬዎች በነጭ መስመር ሲለያዩ መስቀለኛው ላይ ጥላ ይታያል፤ በቀጥታ ስታዩት ይጠፋል። መስቀለኛው ላይ ሌላ ቀለም ያላት ትንሽ ካሬ አስገቡ፣ ነገሩ ያበቃል።

ረድፎቼን በመስመሪያ ለክቼ ነው የሰፋሁት። ግን ጠማማ ሆነው ይታያሉ።

ጥቁርና ነጭ ካሬዎችን በረድፍ ደርድራችሁ፣ አንዱን ረድፍ ከሌላው ገፋ አድርጋችሁ፣ በመካከላቸው ቀጭን ግራጫ መስመር አስገብታችሁ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። ረድፎቹ ቀጥ ያሉ ሆነው ሳለ አንድ ጫፍ ላይ የጠበቡ ይመስላሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያጠናው ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ያለ የአንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ታይቶ ነው። ስፌቱን ከመተርተራችሁ በፊት መስመሪያ አስቀምጡበት። ማታለሉን ለማጥፋት የግራጫውን መስመር ወደ ጥቁር ወይም ወደ ነጭ ቀይሩት፤ ወይም አስፉት።

አበባ አበባና ነጠብጣብ ያለው ጨርቅስ? ፈካ ነው የምለው ወይስ ጠቆር?

ከስንት ርቀት እንደሚታይ ይወሰናል። ጤናማ ዓይን በአንድ ሜትር ርቀት ላይ መለየት የሚችለው ትንሹ ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ነጭና ጥቁር ጥለት ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ግራጫ ይሆናል። ቅርብ ሲሆን ዝንጉርጉር፣ ሩቅ ሲሆን ወጥ። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ ጨርቁን ከሩቅ ፍረዱት።

ትልቅ አበባ ያለው ጨርቅ ሌላ ጣጣ አለው። ሲቆረጥ አንዱ ሦስት ማዕዘን ነጭ፣ ሌላው ቀይ ይሆናል። ጠርዙ እዚህ ይታያል፣ እዚያ ይጠፋል። ጥርት ያለ ቅርፅ ለምትፈልጉበት ቦታ ወጥ ጨርቅ ወይም ደቃቅ ጥለት ይሻላል። ትልቁን አበባ ለሰፋፊው ቁራጭ አስቀምጡት።

ቀን የመረጥኩት ማታ ተቀየረብኝ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የመብራቱ ነው። ሁለት ጨርቆች በሱቅ መብራት አንድ ዓይነት መስለው በፀሐይ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ፤ የተቀለሙበት ማቅለሚያ የተለያየ ከሆነ። በተለይ ግራጫ፣ ቡናማና ወይን ጠጅ ላይ ይህ ይበዛል። ሁለቱንም ብርሃን ሳታዩ አትግዙ።

ሁለተኛው የዓይን ነው። ብርሃን ሲደክም ዓይን ወደ ሌሎች ሴሎች ይዞራል። በቀን በጣም የሚሰማው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን ቢጫማ አረንጓዴ ብርሃን ነው። በጨለማ ግን ወደ 507 ይወርዳል፤ ወደ ሰማያዊማ አረንጓዴ። ስለዚህ ሲመሽ ቀዩ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ይፈካል። የቼኩ ተመራማሪ ያን ፑርኪኜ ነው ያስተዋለው። ደብዘዝ ያለ መብራት ላለበት መኝታ ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ቀይና ጥቁር ጎን ለጎን አታድርጉ፤ ማታ አንድ ይሆናሉ።

ቀለም ለመለየት የሚቸገር ሰው ኩዊልቴን እንዴት ያየዋል?

መነሻቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች መካከል ከ12ቱ አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸገራል። በሴቶች ላይ ከ200 አንድ ያህል ነው። ጥቁረትና ንጣቱን ግን ያያሉ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጎልቶ የሚታይ ንድፍ ለእነሱም ይታያል።

እንግዲያው ንፅፅሩን ሁልጊዜ ከፍ ማድረግ ነው የሚሻለው?

አይደለም። እንዲያውም ሁሉም ነገር ሲጮህ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ትልቁን ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብታስቀምጡት ዓይን መጀመሪያ እዚያ ይሄዳል፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይገለጣል። ፈካ ባሉ ጨርቆች ብቻ የተሠራ ኩዊልት ከሩቅ ምንም አይመስልም። ቀረብ ሲሉ ግን ንድፉ ብቅ ይላል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ዓይነቱን ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥቁርና ነጭ ስህተትን አይሸሽግም። በኩዊልት ከተለመደው የ6 ሚሊ ሜትር የስፌት ኅዳግ ትንሽ ዝንፍ ካላችሁ የሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ይቆረጣል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ጥርት ያለውን ንፅፅር ለካሬ አድርጉት፣ ሹል ጫፍ ያለውን ደግሞ በተቀራረበ ጨርቅ ጀምሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ከነጭ ጋር ከመስፋታችሁ በፊት ቀለም እንደማይለቅ እጠቡና አረጋግጡ። ነጩ ሮዝ ከሆነ ስለ ንፅፅር መነጋገሩም ቀረ።

ገጹን ገጣጥሜ ጨርሻለሁ። አሁን ነው ንፅፅሩ ደካማ መሆኑን ያየሁት። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱና የጠፋው የቱ ቅርፅ እንደሆነ ለዩ። ብዙ ጊዜ ችግር ያለባቸው ሁለት ሦስት ብሎኮች ብቻ ናቸው፤ እነሱን መተርተር ይቻላል።

መተርተር ካልፈለጋችሁ የመጨረሻው ስፌት ይረዳችኋል። መደቡን ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ስፉት፤ ይተኛል። ቅርፁን ሳትሰፉ ተዉት፤ ከሙሌቱ ጋር ከፍ ይላል። ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት በጨርቁ ያጣችሁት ልዩነት በጥላ ይመጣል። ለመደቡ ከመደቡ የጠቆረ ክር ብትጠቀሙ ደግሞ ጥቅጥቁ ስፌት መደቡን በአንድ ደረጃ ያህል ያጠቁረዋል። መጀመሪያ ግን በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞክሩት፤ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ለመተርተር ከመሥራቱ ይልቅ ያደክማል።